ግማሽ ሰዓት የቆመ ድንኳን

የአባቴ የልቅሶ ድንኳን የቆመው ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓት ኖሮኝ አይደለም የማውቀው፤ የንፍሮው ድስት ሳይፈላ ነው የፈረሰው። ያችን ግማሽ ሰዓት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንደ ታመመ ጥርስ በምላሴ ስነካካት ኖሬአለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ የሚጽፍልኝ ሰው ፈልጌ ነበር። ግን ሌላ ሰው ሲጽፈው ያሳምረዋል፤ እኔ ደግሞ ይህ ነገር እንዲያምር አልፈልግም።

ሰፈራችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አፍ ላይ ነው። አባቴ ደሞዝ በደንገል ታንኳ ዓሣ ያጠምድ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጧት ወጣ፤ አልተመለሰም። በማግስቱ ታንኳው ዓባይ ከሐይቁ ሾልኮ ከሚወጣበት ጋ፣ ቄጠማ ውስጥ ተሸጉጦ ተገኘ። መረቡ አለ፤ ጋቢው አለ፤ ሰውየው የለም። ግማሾቹ "ጉማሬ ገልብጦት ነው" አሉ፤ ግማሾቹ "ነፋስ ነው" አሉ። እስከ ዓርብ ፈልገው አጡት። ቅዳሜ ጧት "ውሃ የበላው ሰው መቃብሩ ውሃው ነው፤ በልብሱ ይለቀስለት" ተባለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባትህ ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብሁትን ብናገር ታዝኑብኛላችሁ። ለእኛም ድንኳን ሊተከልልን ነው ብዬ ነው ያሰብሁት።

ከዚያ በፊት ባለው ዓመት የክፍሌ ልጅ ምናሴ አባቱ ሞተውበት ነበር። ምናሴን ከትልልቆቹ መሐል አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ "እግዜር ያጥናህ" ይለዋል፤ መምህራችን ሳይቀሩ መጥተው አሉት። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ የሚመታው ጠፋ። እኔ ግን የምመታ ልጅ ነበርሁ፤ ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ እያሉ። እና ያን ቅዳሜ ፊቴን ታጥቤ፣ ንጹሑን ሸሚዜን ለብሼ፣ "እግዜር ያጥናህ" ሲሉኝ አንገቴን እንዴት እንደምደፋ ከጓሮ ሆኜ ተለማመድሁ። በሰፈራችን ድንኳን የተተከለለት ሰው፣ ሰው ነበር ማለት ነው። አባቴም ሰው ሊሆን ነው።

የእድራችን ዳኛ ያን ጊዜ እትዬ የብርጓል ነበሩ። ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተው፣ የፈረቃ አለቃ ሆነው ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው፤ አጭር፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ። ሴት የእድር ዳኛ ስትሆን በሰፈሩ የመጀመሪያዋ ናቸው። ጸሐፊው ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ይህ እንደ እሾህ ይወጋቸው ነበር። እትዬ የብርጓል በተሾሙ በወሩ ሸራ ገዝተው ቃሬዛ አሰፉ። "ሰው ከሞተ በኋላ ሃምሳ ሰው ይሸከመዋል። ሳይሞት አራት ሰው ቢሸከመው ምን አለበት?" አሉ በስብሰባው ላይ። ጋሼ ወልደ ሐዋርያት "እድር ነው ወይስ አምቡላንስ?" ብለው ሰውን አሳቁ። ግን ቃሬዛው ሠራ። ምጥ የያዛትን፣ ወባ የጣለውን፣ ተራ የደረሳቸው አራት ሰዎች ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደርሱ ነበር። አባቴ ራሱ ሁለቴ ተራው ደርሶት ተሸክሟል፤ ሁለቴም ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ሲያጉረመርም ሰምቸዋለሁ።

እንግዲህ ድንኳኑ መጣ። ወንዶቹ ምሰሶውን አቆሙ፤ ሸራው ሐይቁን ተሻግሮ በመጣው ነፋስ እንደ ትልቅ ወፍ ተርገፈገፈ። ካስማውን ሲመቱ ልቤ አብሮ ይመታል። ቄሱ ለፍትሐት መጥተው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። የአባቴን ካፖርትና ጋቢ አግዳሚ ላይ ዘረጉት። ሴቶቹ ደረታቸውን ሊደቁ ተነሡ።

ያን ጊዜ የጋሽ ሙሔ አይሱዙ መጣ። ጋሽ ሙሔ ነጋዴ ናቸው፤ ወረታና ማክሰኝት እየሄዱ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት ያመጣሉ። መኪናውን እንኳ ሳያጠፉ ወርደው እትዬ የብርጓልን ወደ አጥሩ ጠሯቸው። እኔ አጥሩ ጥግ ነበርሁ። ያየሁት ይህን ነው፦ ጋሽ ሙሔ እጃቸውን እያወዛወዙ ያንሾካሹካሉ፤ እትዬ የብርጓል አንድ ጊዜ "አንተው ራስህ አይተሃል?" አሉ፤ ጋሽ ሙሔ "ወላሂ፣ ትናንት፣ በእነዚህ ዐይኖቼ" አሉ። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከዚያ ቤት ገብተው የእናቴን በር ዘጉ።

ከውስጥ የእናቴ ጩኸት ተሰማ። የልቅሶ ጩኸት አልነበረም፤ እንደተረገጠ ሰው ያለ አንድ ድምፅ ነው።

እትዬ የብርጓል ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። "አውርዱት" አሉ።

"ምኑን?" አሉ ጋሼ ወልደ ሐዋርያት።

"ድንኳኑን። አስከሬን ሳይገኝ አይለቀስም። እንጠብቃለን።"

"ጧት ራስሽ 'ትከሉ' ብለሽ? ሙሔ ምን ነገረሽ? ለእኛም ይነገረን እንጂ!"

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ሙሔ ዞረ። ጋሽ ሙሔ ላባቸውን ጠረጉ። እትዬ የብርጓል አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደሟቸው፦ "እኔ ነኝ ያስቸገርኋቸው። ድንኳኑን ለልጄ ለሱምያ ሰርግ ቀድሜ ጠይቄ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው።"

በሰፈራችን እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም። ሰርግ ልቅሶን ይጠብቃል እንጂ፣ ልቅሶ ለሰርግ ድንኳን ለቅቆ አያውቅም። ሴቶቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። አንዱ "ምነው የብርጓል! አንጀት የለሽም?" አለ። እትዬ ወደ ቄሱ ሄደው በጆሯቸው አንድ ነገር ነገሯቸው፤ ቄሱ አማትበው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ። ፍትሐቱንም ከለከለችን አልሁ በልቤ።

ለቆመ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግ ያን ጊዜ ማን ነግሮኝ!

ምሰሶውን አቅፌ አለቅም አልሁ። ወንዶቹ ሊያላቅቁኝ ፈሩ። እትዬ የብርጓል ራሳቸው ተንበርክከው ጣቶቼን አንድ ባንድ ፈለቀቋቸው። "ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ" አሉኝ። ያላጠፋ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም ብዬ ደመደምሁ። የዘጠኝ ዓመት ዳኛ ነበርሁ፤ ፍርዴን ሰጠሁ፤ ይግባኝ የሚል አልመጣም።

በሳምንቱ ድንኳኑ ጋሽ ሙሔ ግቢ ተተከለ። ከሰፈሩ አንድም ሰው ሰርጉን አልደረሰም። እኔና ሦስት ልጆች ከአጥሩ ውጭ ሆነን በድንኳኑ ላይ ጠጠር ወረወርን።

ቀጥሎ ባለው እሑድ እድሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ቤታችን ድረስ መጥተው፣ እናቴ ወንዝ ወርዳ ሳለች፣ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ከረሜላ ሰጡኝ። ሰው መሐል አቆሙኝና ትከሻዬን ያዙ።

"ይህ የሙት ልጅ ነው" አሉ። "እኔ ምንም አልናገርም፤ እሱ ይናገር። አለበል፣ ልጄ፣ የአባትህን ድንኳን ያስነቀለ ማን ነው? አትፍራ፤ ጠቁም።"

ጣቴን ቀሰርሁ። "እሷ!" አልሁ። አንቱ የምላቸውን ሴትዮ።

ሰው አጉረመረመ። "ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ያሉት ለካ ወደው አይደለም" አለ አንዱ። "ምክንያትሽን ተናገሪ" አሉ ሌሎች፤ "አለሽ የምትይው ነገር?"

እትዬ የብርጓል ተነሡ። አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። አንዲት ቃል ነበረቻቸው፤ ያችን ቃል ቢናገሩ ያ ሁሉ ወንድ አፉን በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። "ልጁ እውነቱን ነው፤ ያስነቀልሁ እኔ ነኝ" አሉ። ከመቀነታቸው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ከረሜላዬን እየቆረጠምሁ ነበር።

ቤት ገብቼ ለእናቴ በኩራት ነገርኋት። "አባረርናት! እኔ ነኝ የጠቆምሁባት!" እናቴ ሸጊቱ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታችኝ፤ ያ ቀን ነው። ጥፊው ከጆሮዬ ሳይወጣ እሷው መልሳ አቅፋኝ አለቀሰች። ለአባቴ ያለቀሰች መሰለኝ። ጥቁር ግን አልለበሰችም። ጸጉሯን አልተላጨችም። ሰው ሲያማት እኔ በኀፍረት እሞታለሁ፤ "እማ፣ ለምን ጥቁር አትለብሽም?" ስላት "ጥቁሬን ለሚገባው አስቀምጫለሁ" ትለኝ ነበር። አልገባኝም። ምን ሊገባኝ!

ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ዳኛ ሆኑ። ቃሬዛው የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ፤ አይጥ በላው። "እድር የሞተ እንጂ የታመመ አይሸከምም" ተብሎ ተወሰነ፤ ወንዶቹ ተነፈሱ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ እናቴን ታይፎይድ ጣላት። የሰው ደጅ ሁሉ አንኳኳሁ። ጋሼ ወልደ ሐዋርያት በመስኮት "እግዜር ይማራት" ብለው መስኮቱን ዘጉ። አዝያት ወጣሁ። ከአስፋልቱ ሳልደርስ ጋሪ ከጎኔ ቆመ፤ ላዩ ላይ እትዬ የብርጓል ፍራሽ አንጥፈው ተቀምጠዋል። "አምጣት ልጄ" አሉኝ። እንትፍ ብዬ አለፍኋቸው።

እናቴ ከጀርባዬ ሆና "አውርደኝ" አለች።

"እማ፣ ትኩሳት ነው..."

"አውርደኝ አልሁህ!"

ወረደች። ግድግዳ እየያዘች ሄዳ፣ በራሷ ጉልበት ጋሪው ላይ ወጣች። እትዬ የብርጓል ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስተኙት። እኔን መንገድ ላይ አቁመውኝ ሄዱ። ያን ቀን በእናቴ በራሷ ቂም ያዝሁባት። ዳነች፤ እኔ ግን ቂሜን አልተውሁም። ቂም የእኔ ብቸኛ ርስት ነበረች፤ አረምኋት፣ አጠጣኋት።

አሁን ባጃጅ ነጂ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ጧት ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴትዮ ገበያው ጋ አስቆመችኝ። ጋሽ ሙሔ ካረፉ ወዲህ ንግዱን የያዘችው ልጃቸው ሱምያ ናት፤ አወቅኋት፤ አላወቅሁም መሰልሁ።

"እትዬ የብርጓል ቤት አድርሰኝ። ሌሊት አርፈዋል" አለችኝ።

"ጡሩምባ አልሰማሁም።"

"ከእድር የተባረረ ሰው ጡሩምባ ይነፋለታል እንዴ?"

"ወደዚያ መንገድ አልሄድም። ሌላ ያዢ።"

አልወረደችም። በመስታወቱ አፍጥጣ አየችኝ። "የደሞዝ ልጅ አይደለህ? እንኳን አገኘሁህ። ሃያ አራት ዓመት የያዝሁት፣ የምነግርህ ነገር አለኝ። እናትህ እትዬን በማርያም አስምላቸው ነበር፤ አባቴን ደግሞ በቁርአን። እኔን ማንም አላስማለኝም፤ ለእሳቸው ስል ነው ዝም ያልሁ። ዛሬ እሳቸው የሉም። አባትህን ውሃ አልበላውም።"

ባጃጁን አጠፋሁት።

"ታንኳውን ቄጠማ ውስጥ ከትቶ፣ በጎርጎራው ጀልባ ተሻግሮ ማክሰኝት ገባ። ሌላ ሴት ነበረችው፤ ልጅም ነበረው። አባቴ ገበያ ላይ ከነሴቲቱ ያዘው። 'አላየኸኝም በል' አለው። አባቴ እየነዳ ሲደርስ ድንኳኑ ቆሟል፣ ቄሱ ተቀምጠዋል። እትዬ ለእናትህ ሲነግሯት እግራቸውን ይዛ 'ልጄ አባቱ ጥሎት ሄደ ከሚባል ውሃ በላው ይባል' አለች። ሰፈሩ ምክንያት ሲጠይቅ አባቴ የኔን ሰርግ ሰጠ።" ሳቀች፤ ሳቋ አስቀያሚ ነበር። "አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መቶ አግዳሚ ተደርድሮ የተቀመጠበት ዘጠኝ ሰው ነው። ከውጭ የጠጠር ድምፅ ይሰማኛል፤ ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ጠጠሩ ያንተ እንደነበር አውቃለሁ።"

ምን ይባላል? ይቅርታ ይባላል? እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። "አባቴ አንድ ቀን... አባትሽን ስለኔ ጠይቆት ያውቃል?"

ሱምያ ወደ ሐይቁ ዞረች። "ማክሰኝት አለልህ" አለች፤ "ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሄደህ ጠይቀው።"

እሷን እትዬ የብርጓል በር ላይ አውርጄ ግቢውን ተመለከትሁ። ድንኳን የለም። ሴቶች ጥዱ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊት፣ የሟች እኅት በምትቀመጥበት ቦታ፣ እናቴ ተቀምጣለች። ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ለብሳለች።

ባጃጁን አዞርሁ።

ጋሼ ወልደ ሐዋርያት ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዛሬም ዳኛ ናቸው። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ፀሐይ ይሞቃሉ።

"ቁልፉን ይስጡኝ" አልኋቸው።

"ለማን ሞት?"

"ለእትዬ የብርጓል።"

"እሷ ከእድሩ ከወጣች ስንት ዘመኗ! ደንብ ደንብ ነው፣ ልጄ።"

"አባቴ ማክሰኝት እንዳለ ያውቁ ነበር?"

ያልጠበቁት ጥያቄ መሰለኝ። ግን አልደነገጡም፤ ያናደደኝ ይህ ነው። በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "ማን ያላወቀ አለ? ማክሰኝት የሚሄድ ሙሔ ብቻ ነው? ዓመት ሳይሞላ ሰምተናል።" ሦስቱም ሽማግሌዎች ጫማቸውን አዩ።

"ሰምታችሁ ዝም?"

"እንግዲህ ምን እናድርግ፤ መልሰን እንሹማት? ሰዉ ለምዶ ነበር፤ ነገሩም አልፎ ነበር። አንተስ ምን ጎደለብህ?"

ምን ጎደለብህ! እትዬ የብርጓል የዋሹት ለአንድ ሕፃን ብለው ነው፤ እነዚህ ዝም ያሉት ለአንዲት ወንበር። እሳቸውንስ አልተቆጣሁም አልልም። ማን ጠይቋቸው ነው ለኔ ብለው የተዋረዱ? አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ በሬን አንኳኩተው "አንተ ደደብ፣ አባትህ ሸሽቶ ነው" ቢሉኝ ምን ነበረበት? ማሉ፤ መሐላቸውን ይዘው ወደ መቃብር ወረዱ፤ እኔን ከምራቄ ጋር እዚህ ጥለውኝ። ደግነታቸው እንኳ ይህን ያህል የሚያቃጥል ሴትዮ ነበሩ።

ጣቴ ተነሣች። ያችው ጣት ናት። በዘጠኝ ዓመቴ ጠቁም ተብዬ ጠቆምሁ፤ አሁን ማንም ሳያዝዘኝ ከአፍንጫቸው አንድ ስንዝር ላይ ቀሰርኋት። "አንተ!" አልኋቸው። አንቱ የምላቸውን ሽማግሌ። "አንተ ነህ! ከረሜላህን ውሰድ፣ ቁልፉን አምጣ!"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አንገቱን ሳያቀና፣ "ስጠው፣ ወልደ ሐዋርያት" አለ። ቁልፉን አልሰጡኝም፤ መሬት ላይ ወረወሩት። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ለእትዬ የብርጓል ስል ጎንበስ ያልሁት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሸራውን ሳወርድ የቃሬዛው እንጨት ከላዩ ወደቀ። ከተራ የቆሙ ሦስት ባጃጅ ነጂዎች አግዳሚውን ተካፈሉልኝ፤ ምሰሶው በኔ ባጃጅ በሁለቱም በኩል ወጥቶ መንገዱን ሁሉ ዘጋ፤ ትራፊክ ፊሽካ ነፋ፤ አልቆምሁም።

ከቀትር በፊት ድንኳኑ ቆመ። እናቴ ካለችበት ሆና አየችኝ፤ አልጠራችኝም፤ ሄጄም አላቀፍኋትም። ከእሷም ጋር ገና ያልተነጋገርነው ነገር አለን።

የመጨረሻውን ካስማ ስመታ አንዲት አሮጊት አጠገቤ ቆሙ። ከዱርቤቴ የመጡ የሟች ዘመድ ናቸው፤ እግራቸው አቧራ ለብሷል። ላቤንና ዐይኔን አዩ።

"አንተ የኔ ልጅ፣ ምኗ ነህ?" አሉኝ።

"ጣቴን የቀሰርሁባቸው እኔ ነኝ።"

አልገባቸውም፤ ጆሯቸውም የከበደ መሰለኝ። እጄን ከነመዶሻው በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጎንበስ አሉ። "እግዜር ያጥናህ" አሉኝ።

ከጓሮ ሆኜ የተለማመድሁት አንገት መድፋት ጠፋኝ። አሜንም አላልሁም። ገመዱን ወደ ካስማው ስቤ አንድ ዙር ጨመርሁበት።